አጥንቱ ገጥሞ ያልለቀቀኝ ሕመም

ሕመሙ የተመለሰው ችሎት ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው። በንጉሡ ጊዜ በነቀምቴ ፍርድ ቤት የኦሮምኛ አስተርጓሚ ነበርኩ። ከዚያ በፊት አኖ ከተማ አጠገብ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ተገልብጦ ጭኔና ዳሌዬ ተሰብሮ ነበር። ብዙ ወር ተኝቼ ድኜ፣ ምርኩዜን ከጣልኩ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ዳሌዬ ነደደ። ወደ ጉልበቴ ወረደ። ላብ አጠመቀኝ።

አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ስለ ሟች ባላቸው መሬት ቃላቸውን ይሰጡ ነበር። ያሉትን አልሰማሁም። «ይደገምልኝ» አልኩ።

ዳኛው «እግርህ ድኗል አልተባለም?» ብለው ጉዳዩን ለሌላ ቀን ቀጠሩት።

አጥንቱ ውስጥ ውስጡን የበሰበሰ መሰለኝ። ፈራሁ። ተኛሁ። እግሬ ከሳ። ሕመሙ ባሰ። ጎረቤት ግማሹ ብርድ ነው አለ፣ ግማሹ ሥራ ጠልቶ ነው ብሎ አማኝ።

በመጨረሻ ባለቤቴ ደግፋ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩና «አጥንትህ ገጥሟል» አሉኝ።

«ታዲያ ሕመሜ ውሸት ነው?»

«እውነት ነው። ያን ጊዜ ጅማቱም ነርቩም ተጎድቷል። አጥንቱ ቢድንም ነርቩ አደጋው ያለፈ አይመስለውም። አመመህ ማለት ተሰበረ ማለት አይደለም። አትተኛ፤ ብዙም አትቁም። በልክ ተንቀሳቀስ፣ ሲደክምህ ተቀመጥ።»

ያመነኝ ሰው በማግኘቴ እንባዬ መጣ።

በቀጠሮው ቀን መቀመጫ ብጠይቅ ዳኛው «አስተርጓሚ ችሎት ፊት አይቀመጥም» አሉ። ይሄኔ ነገሩ ከሁኔታዬ የገባቸው አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ ተናገሩ።

«ምን አለች?» አሉኝ ዳኛው።

ሥራዬ ነውና ስለ ራሴ የተባለውን እያፈርኩ ተረጎምኩ፦ «ልጄ ይቀመጥልኝ። እያመመው ከቆመ ግማሽ ቃሌ መንገድ ላይ ይቀራል ይላሉ።»

«እናትህ ናት?»

«አይደሉም፣ ጌታዬ። በአገራችን ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጠራን።»

ዳኛው በርጩማ አስመጡልኝ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ እየተቀመጥኩ፣ ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር በዝግታ እየተራመድኩ፣ የአዴ ጫልቱ ጉዳይ እስኪያልቅ አንድ ቃል ሳያመልጠኝ ሠራሁ።

ሕመሙ ዛሬም አለ፤ በክረምት ይብሳል። እንደኔ የሆናችሁ፣ መጀመሪያ ለሐኪም ታዩ፤ እብጠት ወይም ትኩሳት ከመጣ አትዘግዩ። አጥንቱ ደህና ከተባለ ግን ፍርሃት አልጋ ላይ እንዳያስቀራችሁ። መቀመጫ መጠየቅም አያሳፍርም።

ሐኪሙንና ባለቤቴን አመሰግናለሁ። አዴ ጫልቱን ላመሰግን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡና «እኔንም እኮ ያን ቀን ችሎት ቆሜ ሲያመኝ ነበር የዋለው» አሉኝ። ለሳቸው መቀመጫ የጠየቀላቸው ሰው አልነበረም።