ወንጌላዊት የፈጠነችበት ዓመት

ወንጌላዊትን ሀዋሳ የሚያውቃት በዝግታዋ ነበር። መሃል ከተማ፣ ከአንድ ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ስፌቷ እንከን የለውም፤ ችግሩ ማለቁ ላይ ነው። ለሠርጓ ቀሚስ ያዘዘች አንዲት ሙሽራ የለበሰችው ለመጀመሪያ ልጇ ልደት ነው እየተባለ ይወራባት ነበር። ባሏ ሙሴ ውሃ አገልግሎት የሚሠራ፣ ከእሷም የባሰ ዝግተኛና ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለቱ ሲመሽ አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሲያዘግሙ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ቆመው ነው ወይስ እየሄዱ ነው እያሉ ይከራከሩባቸዋል።

ከዚያ አንድ ክረምት እንደወጣ ሴትዮዋ ተለወጠች።

መጀመሪያ ያወቅነው አብረናት የምንዘምር ነን። ለቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል ጋውን እንድትሰፋልን የነገርናት፣ ጠባይዋን ስለምናውቅ፣ በጣም አስቀድመን ነበር። ወሩ ሳያልቅ የሁላችንንም ጋውን ተሸክማ እየሮጠች መጣች። ጊዜ ስለተረፋት ለኪቦርዱም ልብስ ሰፍታለታለች።

ቁርስ በልታ ቁርስ ትደግማለች፤ እንዲያም ሆኖ ትከሳለች። ሰው ጋቢ በሚደርብበት ብርድ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ መስኮት ትከፍታለች። ትስቃለች፣ ታስቃለች፣ አንዱን ወሬ ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። ልምምድ ላይማ መዝሙሩን ይዛው ትነጉዳለች፤ እኛ በወፍራም ድምፅ የምንዘምረው ባሶቹ ከኋላዋ እያለከለክን እንከተላለን። አንድ ቀን ኪቦርድ የሚመታልን ዮፍታሄ እጁን አንስቶ፣

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የንስሐ መዝሙር ነው» አላት።

«ታዲያ ንስሐ የሚገባ ሰው ምን ያዘገየዋል?» አለችው።

ሽማግሌዎቹ መነቃቃት ነው አሉ። በዚያው ሳምንት እሑድ ምእመኑ በንስሐ መዝሙር እያጨበጨበ ዘለለ። እኔም ዘልያለሁ፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። እሷ ከፕሮግራሙ በኋላ ላቧን እየጠረገች፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተኝቼ ኖሬ አሁን ገና ነቃሁ ስትለኝ፣ ዓይኖቿ ትልልቅ ሆነው ያበሩ ነበር። ቀናሁባት።

ከጉሮሮዋ ሥር ያለውን እብጠት ያዩት ጎረቤቷ እትዬ ሸዋዬ ናቸው። አስተማሪ ባላቸውን ተከትለው ከሰሜን የመጡ፣ በየገጠሩ እንቅርት ያለባቸውን እናቶች እያዩ፣ አዮዲን ያለበትን ጨው ተጠቀሙ ሲባል እየሰሙ ያረጁ ሴት ናቸው። አንገቷን ዳሰስ አድርገው ጨው አንሶሽ ነው ብለው ፈረዱ፤ ወዲያውም ከቤታቸው ጨው አመጡላት። ወሬው መዘምራን ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ብርቱካን ይዞ መጠየቅ ቀረና ሁላችንም የታሸገ ጨው ይዘን መግባት ጀመርን። እሷም ሰው አታሳፍርም፤ ወጡ ላይ፣ እንቁላሉ ላይ፣ ፓፓያው ላይ ሳይቀር ትነሰንሳለች። ሙሴ አብሯት እየበላ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ይውላል። ውሃ አገልግሎት መሥራቱ የጠቀመው ያኔ ነው ብለን ሳቅንበት።

በበዓሉ ቀን፣ ሁለተኛው መዝሙር መሐል ላይ፣ ማይኩ እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየን። ወንጌላዊት ደረቷን ይዛ መድረኩ ላይ ቁጭ አለች። ሙሴ ከምእመኑ መሐል ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባጃጅ ውስጥ አስገብቶ ክሊኒክ ወሰዳት።

ሐኪሙ ዶክተር ፍፁም ደሟን አስመረመረ። ውጤቱ ሲደርስ ምን እንደምትሠራ ጠየቃትና በሙያዋ አስረዳት። ሰው ሁሉ አንገቱ ውስጥ ታይሮይድ የሚባል የልብስ ስፌት ቤት አለው አላት። ክሩ አዮዲን ነው፤ ከምግብ፣ በተለይ ከጨው ይመጣል። የሚሰፋው ሆርሞን ነው። አብዛኛው በዚያው ክር አራት አራት ቋጠሮ ተቋጥሮለት ይወጣል፤ ሰውነት አንዷን ሲፈታለት ሥራውን በደንብ ይጀምራል፤ ልብን ያስመታል፣ ምግብን ያቃጥላል፣ ገላን ያሞቃል። ትእዛዝ የሚሰጠው ደግሞ አንጎል ሥር ያለ ሌላ እጢ ነው። ደም ውስጥ ያለውን እያየ፣ ሲያንስ ስፉ ይላል፤ ሲበቃ ዝም ይላል።

«የአንቺ አዛዥ ዝም ካለ ቆይቷል» አላት። «ግን የገዛ ሰውነትሽ ዘቦች ተሳስተው በእሱ ስም ትእዛዝ ይልካሉ። ሰፊው ምን ያውቃል? ቀን ከሌት ይሰፋል።»

«ጨውስ?» አለ ሙሴ።

«ክር ላነሰው መድኃኒት ነው። እሷ ምን አነሳት? እናንተ ደግሞ ሱቁን በክር ሞላችሁት።»

ሁለት ዓይነት የሚዋጥ እንክብል አዘዘላት። አንደኛው ልቧን የሚያረጋጋ ነው፤ ሌላው ስፌቱን ያግዳል፤ ተሰፍቶ የተቀመጠው እስኪያልቅ ግን ሳምንታት ይፈጃል አላት። ወንጌላዊት ሁሉም ገባት። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደስታዬስ አብሮ ይሄዳል ወይ? ዶክተር ፍፁም እሱን አላውቅም አላት።

እንክብሉን አልዋጠችም። ሱቋ ሄጄ ስለምናት እንኳ መቀሱን እያንቀጫቀጨች፣ ያቺን ደንዛዛ ሴት መልሼ ልሁንላችሁ? አለችኝ። ልቧ እየደከመ መሆኑን ታውቃለች፤ ዶክተሩ አልደበቃትም። የሚያስፈራት ግን መሞት ሳይሆን ተመልሶ መተኛት ነበር። ከዓመታት በፊት፣ ሁላችንም ወጣቶች ሳለን፣ መዝሙር ካለቀ በኋላ ጥቂት ዘግይቶ የሚሰማው ድምፅዋ ትዝ አለኝና ልመናዬን ትቼ ወጣሁ።

ያሸነፋት ሙሴ ነው። እሷው እንዳወራችኝ፣ እራት ላይ ድንገት ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ ያገባሁት ዝግተኛዋን ነው» አላት። «ይህችንም ወድጃታለሁ፤ ሳቋ ደስ ይላል። ግን ልብሽ ሲመታ አልጋው ይነቃነቃል፣ ወንጌል። ሰምቼው አልተኛም። መጥታ ቶሎ ከምትሄድብኝ፣ እየተጓተተች የምትቀርልኝ ትሻለኛለች።»

ከጋብቻቸው ወዲህ ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። ተነሥታ እንክብሉን ዋጠች።

ከሳምንታት በኋላ ላቡ ቆመ፤ እጇ ረጋ፤ ፊቷ ሞላ። ደንበኞቿ እንደ ድሮው ማጉረምረም ጀመሩ። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ራሷን ስታዳምጥ ትውላለች። ቀልድ ሲነገር ሳቁ ይመጣ እንደሆነ ትጠብቃለች፤ ስለምትጠብቀው አይመጣም። ያ ሁሉ ደስታ የእጢው ነበር፣ የእኔ አልነበረም አለችን፣ እኔንና ሙሴን፤ ረጋ ባለ ድምፅ መሆኑ ይበልጥ አሳዘነኝ።

ዶክተር ፍፁም በድጋሚ መርምሮ ሆርሞኑ ልክ ገብቷል፣ እንክብሉን እንዳታቋርጪ ባላት ቀን፣ ሙሴ ምን እንደሚላት ሲጨንቀው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሊያበላት ይዟት ሄደ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣችንን እንበላለን። አባ ኮዳ የሚሉት ራሰ በራ ትልቅ ወፍ የዓሣ አንጀት ፍለጋ እየተንገዳገደ መጥቶ ፊት ለፊታችን ቆመና፣ ከአንገቱ የተንጠለጠለውን ቀይ ከረጢት ነፋው።

ሙሴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ጎንበስ አለለት።

«አባቴ» አለው፣ «እርስዎም ዶክተር ፍፁም ጋ ቢታዩ ይሻላል።»

ወንጌላዊት መጀመሪያ ወፉን፣ ቀጥሎ ባሏን አየች። ከዚያ ሳቁ ከሆዷ ተነሥቶ፣ ቀስ እያለ፣ ፊቷ ላይ ደረሰ። ዓሣው ከእጇ ወደቀ፤ አባ ኮዳው አንሥቶ ሄደ፤ እሷ አግዳሚው ላይ ተኝታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሙሴ ደንግጦ የእጇን አንጓ ያዘ። ምቱን እየተከተለ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ ቀና አለ።

«ምቱ ልክ ነው» አላት። «በቃ፣ ሳቁ የራስሽ ነው።»