ቢሮ አይታሰርም

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፤ የሕግ መጽሐፍም ያነበብኩት ብቻዬን ነው። በአምባሰል ከእኔ የበለጠ የተማረ ሞልቷል፤ ከእኔ የበለጠ የገባው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የጎረቤቴ ልጅ ከሳዑዲ ስትመለስ፣ ለፍታ ያሠራችውን ቤት የቀበሌው ሊቀ መንበር ቆልፎ ማዳበሪያ ሞልቶበት አገኘችው። ከሰሰች፤ ውጫሌ ፍርድ ቤት ተፈረደላት። ሰውየው ግን ፍርዱን አይቶ፣ «ዳኛ ቀበሌ አያስተዳድርም» ብሎ ሳቀባት። እሷም ሕፃኗን ይዛ እናቷ ጎጆ ውስጥ ከበጎች ጋር ታድር ጀመር። ፍርዱ ይፈጸምልኝ ብላ ብታመለክትም፣ ትእዛዙ ሁሌ የሚወጣው ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ዝም ይላል፤ ፖሊስም ሰበብ ይደረድራል።

ልጅቱ ይህን ስትነግረኝ ከመደቤ ዘልዬ ተነሣሁ።

«አንቺ፣ ቢሮ ይታሰራል እንዴ?»

«ኧረ አባባ፣ ቢሮ እንዴት ይታሰራል?»

«እንግዲያስ ሰውየው በስሙ ተጠርቶ ይቅረብልኝ በይ! ፖሊስ አላመጣም ካለ ደግሞ አዛዡ ራሱ ቀርቦ ምክንያቱን ይናገር!»

ማመልከቻውን እኔው ጻፍኩት፤ አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም። ዳኛዋ እንዳልነው አዘዘች። ያ «መኪና የለንም» ሲል የከረመ የፖሊስ አዛዥ፣ የራሱን ስም ትእዛዙ ላይ ሲያይ ባጃጅ አገኘ! ሊቀ መንበሩ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተጣቦ ሲመጣ እኔ ችሎቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ለምን አልፈጸሙም?» አለችው ዳኛዋ።

«ክብርት ሆይ፣ የበላይ አካል መመሪያ እየጠበቅሁ ነው።»

«የከለከለዎት ሰው ካለ ስሙን ይንገሩኝ፤ እሱንም እጠራዋለሁ። ከሌለ ቤቱ ዛሬ ይከፈታል፤ አለዚያ እርስዎ እስር ቤት ያድራሉ።»

የጠፋ የተባለው ቁልፍ ከኪሱ ወጣ!

ከሰዓት በኋላ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ቆመ። የቀበሌው ሰዎች ጆንያ ተሸክመው ይወጣሉ፤ ፖሊሶቹ ቆመው ስለሚያዩ ሊቀ መንበሩም አንዱን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ።

«አያ፣ ወገብዎን ይጠብቁ!» አልኩት።

«አንቱ ሽማግሌ፣ ደስ አለዎት?»

«ወላሂ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም!»

ቤቱ ባዶ ሲሆን ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ሕጉን ላስረዳቸው ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ልጅቱ ግን ሕፃኗን አቅፋ እናቷን አስከትላ ገባችና በሩን ዘጋችው። ከውስጥ ስትቀረቅር ሰማን። እኔና ሊቀ መንበሩ ደጅ ጎን ለጎን ቆመን ቀረን።