ሁለት ጣት ክፍተት

ኖሊን ታትነል የኋላውን ጎማ በመዳፏ መታ አድርጋ አሽከረከረችው። ጎማው አዲሱን ፓራፋንጎ ሳይነካ ዞረ። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ትንሿን ጣቷን ልታስገባ ሞከረች። አልገባም።

«ስንት ጣት ልተውልህ?» አለች። ሁለተኛ ጊዜ መጠየቋ ነበር።

«አሁንም ጣት?» ክሬግ ቤሰል ሳቀ። «ኖሊን፣ ብስክሌት ነው ያመጣሁልሽ፤ ቀለበት አላሠራሁም። ጠጋ አድርጊውና ጨርሺው። ነገ ፎቶ የሚያነሱኝ ሰዎች አሉ።»

«ጠጋ ይበል?»

«ጠጋ ይበል። ልክ እንደ ተሰፋለት።»

«እሺ፣ አንተ ካልክ።»

ካቻቢቴዋን አንስታ የኋላውንም የፊቱንም ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀች። እኔ የተበሳ ካላማዳሪያ ይዤ፣ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ኖሊንን ሃያ ዓመት አውቃታለሁ። ሥራ ላይ ሆና ስታፏጭ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፓራፋንጎውን የመረጠው ራሱ ክሬግ ነው። በጋራዧ ግድግዳ ላይ ሦስት ዓይነት ተሰቅሏል። አንደኛው ከፎርኬላው ሥር የሚታሰር አጭር ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው ከመቀመጫው ሥር ተነስቶ ከጎማው በላይ ከፍ ብሎ የሚዘረጋ ነው። ሦስተኛው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጎማውን ከግማሽ በላይ አቅፎ በቀጫጭን ዘንጎች የሚያዝ። ኖሊን ስለ ሦስቱም ነገረችው። ስለ ሦስተኛው ያለችው «ጀርባህ ላይ ጠብታ አያሳርፍም፤ ለአስፋልት አቻ የለውም» ነው። ክሬግ የሰማው ጀርባውን ነው። አስፋልቱን አልሰማም።

እሱ ከሄደ በኋላ ካላማዳሪያዬን ተቀበለችኝ።

«የተራራው መንገድ ነጭ ጭቃ ይይዘዋል» አልኳት።

«ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። ስትሰማ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«መንገዱን እኔ ቆፈርኩት ያለው እሱ አይደለም? የቆፈረ ሰው ይነገረዋል?»

«ቁልቁለት ላይ ቢይዘውስ? አንገቱን ይሰብራል እኮ።»

«ጭቃው ዳገቱ ላይ ነው። ቁልቁለት ቢሆን አልገጥምለትም ነበር።»

ይህን ግማሹን አመንኩ። ግን እኔም ወደ ክሬግ ስልክ አልደወልኩም።

በከተማችን በኮርቢት የማዕድን ማውጫው ሲዘጋ ኖሊን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የማዕድን መኪና ነድታለች። ሌሎቹ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሆባርት ሲሄዱ እሷ ጋራዧን ከፍታ ብስክሌት መጠገን ጀመረች። በትርፍ ሰዓቷ ከከተማው ጀርባ ያለውን ተራራ ትቆፍር ነበር። ዶማ፣ አካፋና አንድ የእጅ ጋሪ ነበራት። በአራት ክረምት ዘጠኝ ኪሎሜትር የብስክሌት መንገድ አወጣች። በምዕራብ ታዝማኒያ ክረምት ማለት ዝናቡ ከጎን የሚመጣበት ጊዜ ነው። ያኔ የምትቆፍረው፣ በበጋ መሬቱ ደርቆ ዶማ ስለሚመልስ ነው።

ከዚያ ሰዎች ከሜልበርን ሳይቀር ብስክሌት ጭነው ይመጡ ጀመር። ማዘጋጃ ቤቱ ለመንገዱ አንድ ቋሚ ጠባቂ ሊቀጥር ወሰነ። ሥራው መንገዱን ለሠራው ሰው እንዲሆን ተባለ። ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ በከተማችን የወጣ የመጀመሪያ ቋሚ ሥራ ነው። ኖሊን የማመልከቻ ደብዳቤ አልጻፈችም፤ ማን እንደ ሠራው የሚጠይቅ ይኖራል ብላ አላሰበችም። ክሬግ ጻፈ።

ክሬግ ቤት አከራይ ደላላ ነው። ወደ መንገዱ የመጣው በአንድ ጥር፣ ሦስት ቅዳሜ ነው። ጥር በእኛ አገር በጋ ነው። አካፋ ይዞ ፎቶ ተነሳ፤ ከደብዳቤው ጋር አያያዘው። በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ደብዳቤው ሲነበብ ኖሊን ከኋላ ተቀምጣ ነበር። «የቆፈርኩት እኔ ነኝ» ስትል ማስረጃ እንዳላት ተጠየቀች።

«አካፋ የያዘ ሰው ካሜራ የሚይዝበት እጅ የለውም» አለችና ወጣች።

እውነቱን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ግን ግማሹ የሚኖረው ክሬግ ባከራየው ቤት ነው። እኔም እንደዚሁ። ማንም እጁን አላነሳም። ከንቲባዋ ፕሩ ሄዝልዉድ ሠላሳ ዓመት ሆባርት ኖራ የተመለሰች ናት፤ ማን ምን እንደ ቆፈረ አላየችም። ሥራው ለክሬግ እንደሚሆንና በሐምሌ፣ መንገዱ በሚመረቅበት ቀን፣ እንደሚታወጅ ተወራ።

ኖሊን ቂም አትረሳም። የከተማችን ሥጋ ሻጭ በእናቷ ቀብር ማግስት ስለ ውርስ አንድ ቀልድ ጣል አደረገ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ሥጋ የምትገዛው አርባ ኪሎሜትር ነድታ ጎረቤት ከተማ ነው። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቋታል። ሁለቴም «ምን አጠፋህ?» ብላ መንገድ ተሻገረች።

ፓራፋንጎው በተገጠመ ማግስት፣ በምረቃው ዕለት፣ እንደ ልማዱ ዘነበ። ሠላሳ ያህል ሰዎች በየብስክሌታችን ተሰለፍን። ፕሩ ሄዝልዉድም የተከራየችው ብስክሌት ላይ ነበረች። ክሬግ አዲስ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሶ ፊት ቆመ። ፓራፋንጎው አብረቀረቀ። የኖሊን ፓራፋንጎ ከአይስክሬም ዕቃ ክዳን የተቆረጠ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ የታሰረ ነው። ከጎማው ሁለት ጣት ይርቃል።

«ኖሊን፣ ቫኒላውስ?» አለ አንዱ ከኋላዋ።

«ጠጋ በል፣ ይደርስሃል።»

አምስተኛው ኪሎሜትር ላይ የጅረቱ ድልድይ አለ። ከድልድዩ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መሬቱ ነጭ ይሆናል፤ እንደ ሊጥ ያለ፣ ጎማ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ጭቃ። ሁለት ጣት ክፍተት ላለው ጎማ ጭቃው እየተላጠ ይወድቃል። ክፍተት ለሌለው መውጫ የለውም።

መጀመሪያ የተሰማው መፋተግ ነው። ክሬግ ፔዳሉ ላይ ቆመ። የኋላው ጎማ አንድ ዙር ሞላ፣ ግማሽ ዙር፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ፊተኛውም ተከተለ። ክሬግ በቀስታ በግራ ጎኑ ነጩ ጭቃ ላይ ተኛ።

«ቦታውን እየለካው ነው!» አለ አንዱ።

«ክሬግ፣ ስንት መኝታ አለው?»

«እሱ የተኛበት ይበቃል። ይከራያል በለኝ!»

በኪራዩ የተነሳ ስለሚፈሩት ያን ያህል አይስቁም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ፕሩ ሄዝልዉድ ከብስክሌቷ ወረደች። «ተጎዳህ?»

«ምንም አልሆንኩም፣ ክብርት ከንቲባ።»

«እዚህ ጋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«በጭራሽ! እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የዘንድሮ ዝናብ ነው ያመጣው። እያንዳንዷን ስንዝር የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።»

ኖሊን ብስክሌቷን ዛፍ ላይ አስደገፈች። ከመንገዱ ወርዳ አንድ የወደቀ ግንድ ጋ ተንበረከከችና እጇን እስከ ትከሻዋ ግንዱ ሥር ሰደደችው። የወጣችው በፕላስቲክ ከረጢት የተጠቀለለ መፋቂያ ይዛ ነው፤ ቀለም መፋቂያ፣ የእንጨት እጀታ ያለው። እጀታው ላይ ነጩ ጭቃ ተደራርቦ ደርቋል። የማዕድን ሠራተኛ መሣሪያው ላይ ስሙን በጋለ ብረት ይጽፋል። ከጭቃው ሥር «ታትነል» ይላል።

የፕሩን ብስክሌት አዘነበለችና መፋቅ ጀመረች።

«ይህ እዚያ መኖሩን በምን አወቅሽ?» አለች ፕሩ። ሁለቱ አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው።

«ያስቀመጥኩት እኔ ነኛ። ከሦስት ክረምት በፊት። በክረምት ያለሱ እዚህ አታልፊም።»

ፕሩ ወደ ክሬግ ዞረች። «አንተ በምን ነበር የምታልፈው?»

ከክሬግ አፍ የወጣው «እኔ... እኛ በአብዛኛው...» ብቻ ነው።

«የመጣው ሦስት ቅዳሜ ነው» አልኩ እኔ። «በጥር።» ድምፄን ስሰማ ራሴም ደነገጥኩ። በስብሰባው ቀን ልለው ይገባኝ የነበረ ነው፤ አምስት ወር ዘግይቻለሁ። ከኋላ ሌሎች ሁለት ሰዎች «እውነት ነው» አሉ። ኖሊን ቀና ብላ አየችን። የምስጋና አስተያየት አልነበረም።

ከዚያ የሁላችንንም ጎማ ፋቀች። ሠላሳ ብስክሌት፣ ፊትና ኋላ፣ በዝናብ። ልናግዛት ብንል እምቢ አለች። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፤ ክሬግም መጨረሻ ላይ ብስክሌቱን ይዞ ተራውን ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ወደ እሷ ገፋው።

«ኖሊን፣ በናትሽ።»

መፋቂያውን በሱሪዋ ጠረገች። «ስንት ጣት ልተውልህ?»

ክሬግ የተጣበቀውን ጎማ አየ።

«ብሎኖቹን ደግሞ በደንብ ነው ያጠበቅኳቸው» አለች። «ካቻቢቴ ይዘሃል?»

አልያዘም። መፋቂያውን በከረጢቱ ጠቀለለች፣ ግንዱ ሥር መለሰች፣ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

የቀረው አራት ኪሎሜትር ነበር። ክሬግ ብስክሌቱን ተሸከመ፤ ከነጭቃው የአንድ በግ ክብደት ይሆናል። ሌሎቻችን አለፍን። ኖሊን አላለፈችም። ልክ ከፊቱ ሆና፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ አንዴም ዞር ሳትል፣ እስከ መጨረሻው ነዳች። መጨረሻው ላይ ፎቶ አንሺው እየጠበቀ ነበር። የተነሳው ፎቶ ክሬግ የፈለገው ዓይነት አልነበረም፤ ግን ፓራፋንጎው ይታያል።

ያን ዕለት የታወጀ ነገር የለም። በነሐሴ ማዘጋጃ ቤቱ ኖሊን ታትነልን የመንገዱ ጠባቂ አድርጎ ቀጠረ።

ክሬግ ፓራፋንጎዎቹን ያስፈታው አርባ ኪሎሜትር ነድቶ ጎረቤት ከተማ ነው።