ከአራተኛው ክፍል የሚጀምረው ሰውዬ

ሰፈሩ በሙሉ «መቀስ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ከሱቁ ፊት ለፊት ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ነው። ሰው ገና «ትናንት ጠዋት እንግዲህ…» ብሎ ወሬውን ሲጀምር መቀስ እጁን ያነሣና «ቁረጠውና ዋናውን ንገረኝ» ይላል። ሰላምታ እንኳ አያስጨርስም። «እንዴት አደር…» ሲሉት «ደህና፤ ምን ልጫን?» ነው መልሱ። ፈጣሪ ትዕግሥትን ሲያድል መቀስ ተራውን ሳይጠብቅ ሄዷል መሰል።

ሥራው ፊልም መጫን ነው። ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር በተሠራች ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሚያቃስት ማራገቢያ ይዞ ይቀመጣል፤ ክፍሏ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትከሻውን አጣሞ የሚቆምባት ናት። ደንበኛ ፍላሹን ያቀብላል፣ እሱ ይጭናል። ሁሉም ዓይነት ፊልም አለው፤ ሰው የሚጎርፈው ግን አኒሜ ለሚባለው የጃፓን ካርቱን ነው፤ ሰይፉ ከቁመቱ ለሚበልጥ፣ ፀጉሩ ሽቅብ ለቆመ፣ ዓይኑ የፊቱን እኩሌታ ለወሰደ ተዋጊ። በራሳችን ቋንቋ ድምፅ ተሰጥቷቸው ስለሚመጡ ልጁም አባቱም እኩል ያያቸዋል።

መቀስ እነዚህን ተከታታዮች ለሁለት ከፍሏቸዋል፦ ፈረስና ኤሊ። ፈረስ ማለት ገና ርእሱ ተነቦ ሳያልቅ ድልድይ የሚፈርስበት፣ ባቡር የሚገለበጥበት፣ አንዱ አንዱን ተራራ የሚያሻግር ቡጢ የሚያቀምስበት ነው። ኤሊ ማለት ደግሞ ጀግናው በመጀመሪያው ክፍል ተኝቶ የሚነሣበት፣ በሁለተኛው ሰማይ የሚያይበት፣ በሦስተኛው ከአንዲት አሮጊት ጋር ስለ ዝናብ የሚያወራበት ነው። የኤሊ ወዳጆችን መቀስ እንደ ሰው አይቆጥራቸውም።

«አሥረኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ይጣፍጣል» ይሉታል።

«ዘጠኝ ቀን ጥሬ ብላ፣ በአሥረኛው ይበስልልሃል የሚል ምግብ ቤት ብታገኝ ትገባለህ?» ይላል መቀስ። «ትገባለህ! አንተማ ትገባለህ፤ ሳህኑንም ትልሳለህ።»

የፈረስ ወዳጆችንም ቢሆን አያከብራቸውም። የጋራዡ ሠራተኞች ፈረስ ብቻ ነው የሚያስጭኑት፤ ፈረሱ አሥራ አምስተኛው ክፍል ላይ ሲደክምና ተዋጊዎቹ አንድ ድንጋይ ላይ ቆመው መጯጯህ ብቻ ሲሆን፣ እነሱ አፋቸውን ከፍተው ማየታቸውን ይቀጥላሉ። «ጩኸት ካለ ለነሱ በቂ ነው፤ ሞተር ሲያጓራ ውለው ሌላ ምን ጆሮ ተረፋቸው» ይላል። ባጭሩ መቀስ የማይንቀው ሰው ያው መስታወት ፊት ሲቆም የሚያየውን ብቻ ነበር።

ማንም የማያውቀው አንድ አሠራር ነበረው። ኤሊ እጁ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች እየዘለለ ያያል። ሰይፍ የተመዘዘበትን ክፍል ሲያገኝ ከዚያ በፊት ያሉትን ይሰርዝና፣ አራተኛውን «አንድ» ብሎ ይሰይመዋል፤ አምስተኛውን «ሁለት»። ኤሊዋን ዛጎሏን ገፎ ፈረስ ያደርጋታል። ደንበኞቹ «አቤት አጀማመር!» እያሉ ሲያደንቁ ከንፈሩን ያሾላል። «አያመሰግኑኝም እንጂ ዕድሜያቸውን ነው ያተረፍኩላቸው» ይላል በልቡ።

እንዲህ ከተገፈፉት ኤሊዎች አንዱ ስለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ የሚተርክ ነው። መቀስ በጫነው ላይ ገና ሲጀመር ሽፍቶች መንደር ያቃጥላሉ፤ ቆፋሪው በዶማ ብቻ አንድ ጭፍራ ሙሉ ያንጋልላል። ከዚያ የሽፍቶቹን አለቃ፣ ፊቱ በብረት የተሸፈነውን፣ አገር ለአገር ያሳድደዋል። በመጨረሻው ክፍል ይጥለዋል። ዶማውን አንሥቶ ሊጨርሰው ሲል የአለቃውን ወገብ ያይና እጁ ይዝላል፤ «የእህቴ ቋጠሮ» ብሎ አጠገቡ ቁጭ ይላል። አለቀ።

ሰፈሩ በዚህ መጨረሻ ተቃጥሏል። «ፈሪ!» ተባለ። በዚያ ሰፈር ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ተጫዋች «ቆፋሪው!» ተብሎ ይጮኽበታል፤ መዶሻ አንሥቶ ሳይመታ መልሶ የሚያስቀምጥ ሠራተኛም ጎሚስታው ዘንድ «ቆፋሪው» ይባላል። መቀስ ራሱ ሲጠየቅ «አጀማመሩ ግሩም፣ አጨራረሱ ውራጅ» እያለ ይፈርድ ነበር። የፈረደው በራሱ መቀስ ላይ መሆኑን አላወቀም።

ከደረጃው ቀጥሎ ባለው ሱቅ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ከአክስቷ ጋር ነው የምትውለው፤ እሷ ትሰፋለች፣ አክስቷ ደግሞ መግቢያው ላይ ቁልፍና ክር ይሸጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ከስፌት መኪናዋ ጎን አቁማ አኒሜ ታያለች፤ ማየቱ እንኳ ይቅር፣ ዓይኗ መርፌው ላይ ስለሆነ የምትከታተለው በጆሮዋ ነው። መቀስ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከሰው ጋር ሳይናናቅ የሚያወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ ምላሱ ይሰንፋል።

መጀመሪያ አክስቲቱን እንዲናገሩለት ለመናቸው።

«እኔ ቁልፍ ነው የምሸጠው» አሉት። «አፍ አለህ፤ ያውም ለሰፈሩ የሚተርፍ። ራስህ ጠይቃት።»

ጠየቃት። እንደ ልማዱ ዋናውን ብቻ። «ላግባሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ከከንፈሮቿ መካከል ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣች። «አንተማ እንደ ፊልሞችህ ነህ፤ ርእስህ ሳይነበብ ድልድይ ታፈርሳለህ።»

«እሺ ወይስ እምቢ?»

«አንድ ጥሩ ተከታታይ ጫንልኝ። ስጨርሰው እነግርሃለሁ። እስከዚያ አትጠይቀኝ።»

መቀስ ሱቁ ገብቶ አሰበ። ረዥም ቢሰጣት መልሱ ይረዝማል። ካሉት ሁሉ አጭሩ ቆፋሪው ነበር፤ ተገፎ ደግሞ ይበልጥ አጥሯል። ጫነላት። ሲሰጣት በብልሃቱ ተደስቶ ያፏጭ ነበር።

ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አስጠራችው። ጺሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ።

«ጨረስኩት» አለች፤ መኪናዋን አቁማ።

«እህ? ዋናውን ንገሪኝ።»

«እህቱ ማናት?»

«የማን እህት?»

«የቆፋሪው። መጨረሻ ላይ ‹የእህቴ ቋጠሮ› አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሰማ እህት የለውም። ያላስተዋልኩት ነገር አለ ብዬ እንደገና ሰማሁት። የለችም።»

መቀስ ከት ብሎ ሳቀ። ነገሩ ቀሎ ታየው። «እሱ ነው እንዴ! መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሦስት ክፍሎች አንሥቻቸው ነዋ። ምንም የለባቸውም፤ ሰውዬው ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አንዲት ልጅ ገመድ ይዛ ትለፈልፋለች። እንዳይሰለችሽ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋን አላሳቃትም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ትልቁን መቀስ አንሥታ ከእሱ አራቀችው፤ ሰው ከሕፃን አጠገብ ስለት እንደሚያነሣ።

«እኔ ጨርቅ ስቆርጥ ባለቤቱን ጠይቄ ነው» አለች። «እናቴ አልጋ ላይ ሳለች ስንት ዓመት የትምህርት ቤት ኮሌታ ብቻ ሰፋሁ። ጠዋት ኮሌታ፣ ማታ እናቴን ማገላበጥ። የኔም መጀመሪያ ቁፋሮ ነው። እሱን ከየት ላይ ልትቆርጠው ነበር?»

«እኔ እኮ…»

«ቆርጠህ ነው የሰጠኸኝ፤ ስለዚህ አልጨረስኩትም። ሦስቱን አምጣ።»

አክስቲቱ ቁልፍ እየቆጠሩ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለቁልፎቹ።

ችግሩ ሦስቱ ክፍሎች የሉትም። ሰርዟቸዋል። ፊልም የሚያመጣለትን ነጋዴ ጠየቀ፤ የለም። ኢንተርኔት ላይ ቢፈልግ በባዕድ ቋንቋ ብቻ አገኛቸው። በጆሮዋ ለምታይ ሴት ያ ምን ያደርግላታል? የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መቀስ በምድር ላይ ከማንም አብልጦ የሚንቀው።

ከገበያው ማዶ ሬዲዮ እየጠገኑ ጎን ለጎን ፊልም የሚጭኑ አዛውንት አሉ። «ቆይ ይመጣል» ይባላሉ፤ ደንበኛ «ይሄ ፊልም መቼ ነው ውጊያ የሚጀምረው?» ሲላቸው መልሳቸው እሱ ስለሆነ። መቀስ ስማቸው ሲነሣ «እሳቸው ዘንድ የሄደ ደንበኛ ፍላሹን የሚረከበው የልጅ ልጁ ነው» ይል ነበር። ያ ሁሉ ወሬ ደርሷቸዋል።

«መቀስ!» አሉ ሲያዩት፣ የተበተነ ሬዲዮ ላይ እንዳጎነበሱ። «መንገድ ጠፍቶህ ነው?»

«ጋሼ፣ ነገሬ አጭር ነው። የቆፋሪው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች…»

«ተቀመጥ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እኔ ደግሞ ለቆመ ሰው አልጭንም።»

ተቀመጠ። ሽማግሌው አንዲት ብሎን አጠበቁ፤ ፈትተው እንደገና አጠበቁ። ሆን ብለው ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አንተ ምን ነበር የምትለው?»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ ጠብሼ በልቼዋለሁ» አለ መቀስ በቀጭን ድምፅ።

«ታዲያ ዛሬ አልጠበስከውም?»

«ዛሬ መጥበሻም የለኝ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሰፈራችሁ ውስጥ ‹ቆፋሪው› ስድብ መሆኑን ሰምቼ ሲገርመኝ ኖሬያለሁ። እነዚህ ሰዎች እህቱን አላዩዋትም እንዴ እላለሁ።»

«አላዩዋትም።»

«ለምን?»

መቀስ ጣሪያውን አየ። «ኮምፒውተሩ…»

«ኮምፒውተሩ እጅ አለው?»

«የለውም።»

«አምጣ ፍላሽህን» አሉ። ጫኑለት። ሲሰጡት ግን የለበጣው ሳቅ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር። «ሁለተኛውን ክፍል ሳትዘል እይ። አደራ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ተሰበሰቡ። ስልኩ መኪናው ላይ ቆመ። እሷ የአንድ ሱሪ እግር ሰጠችው፤ ስፌቱን በምላጭ እንዲተረትር። «እጅህ ሥራ ካልያዘ ክፍል ትዘላለህ» አለችው።

ተጀመረ። ሰውዬው ይቆፍራል።

«ይቆፍራል» አለ መቀስ።

«አየን» አለች።

«አሁንም ይቆፍራል።»

«አንተ ልጅ» አሉ አክስቲቱ፣ «ሰውዬው ውሃ ሳያገኝ አንተ ምላስ አገኘህ።»

አፉን ዘግቶ በአፍንጫው አጉረመረመ። ይህን የሠራ ሰው ደመወዝ ተከፍሎት ይሆን እያለ፣ የሚቆፈረውን ጉድጓድ፣ ድምፅ የሰጠውን ሰው፣ አቧራውን ሳይቀር እየናቀ ተረተረ። በሁለተኛው ክፍል ያቺ የምትለፈልፍ ልጅ ገመዱን በወንድሟ ወገብ ላይ አሰረች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጎትታ እንደ ጆሮ ሁለት ጫፍ አወጣች። «ይሄ ቋጠሮ ከተፈታ እህትህ አይደለሁም» አለችው። ወንድሟም ጨለማው ውስጥ ወረደ። በሦስተኛው ክፍል እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሳለ ከላይ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ጮኸ፤ የሚመልስለት አጣ። ገመዱን ተንጠልጥሎ ሲወጣ ልጅቷ የለችም፤ ወስደዋታል።

የመቀስ ምላጭ ቆመ።

«ታዲያ ከብረት ጭንብሉ ሥር ያለችው…» አለ።

«ዝም በል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እንስማ።»

ቀሪዎቹን ክፍሎች እሑድ እሑድ አዩ። መቀስ ሺህ ጊዜ ያያቸው ውጊያዎች ሌላ ሆነውበት ነበር፤ ቆፋሪው በእያንዳንዱ ዶማ ምት ወደ እህቱ እየተቃረበ መሆኑን ያወቀው ገና አሁን ነው። በመካከሉ ሙሉውን ለሰፈሩ ጫነ። ሲጭን ግን ይቅርታ አልጠየቀም፤ «መጀመሪያውን ሳያይ በመጨረሻው የሚፈርድ ከብት ብቻ ነው» እያለ ሰደባቸው።

«አንተ አይደለህ እንዴ የጫንክልን?» አለው ጎሚስታው።

«አንተስ ‹ባለፈው ክፍል› ሲል አልሰማህም? ጆሮህን ጎማ ውስጥ ለጥፈኸው ነው?»

ጎሚስታው በማግሥቱ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ፍላሹን አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መዶሻ አንሥተው የሚያስቀምጡ ሠራተኞቹን በሌላ ስም ይጠራቸዋል።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። ቆፋሪው ዶማውን አነሣ። የአለቃው ወገብ ላይ ሁለት ጆሮ ያለው ቋጠሮ። «የእህቴ ቋጠሮ።» ቁጭ አለ። መቀስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የጨርቅ ብናኝ ነው» አለ።

«እኔስ ዓይን ለምን አልገባም?» አሉ አክስቲቱ።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አጠፋች። «እሺ» አለች።

«ምኑ እሺ?»

«የጠየቅኸኝ ነዋ። ዋናውን ነገርኩህ።»

መቀስ የተተረተረውን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሲንቅበት የኖረው አፍ ማመስገን አልለመደም። ወንበሩን ወደ መኪናው አስጠጋ።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ። «ከኮሌታው ጀምሮ።»

«ረዥም ነው።»

«ይሁን።»

ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገብታ መኪናዋን አንቀሳቀሰችና እናቷ ከታመሙበት ጠዋት ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች አክስቲቱ አዛጉ። «ኧረ አሳጥሪለት፤ እሱ እንደሆነ…»

መቀስ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው፤ የኤሊ ወዳጆችን በሚያይበት በዚያ በጥንቱ ዓይን።

«እትዬ» አለ፣ «እርስዎ ቁልፍዎን ይሽጡ።»