ሳሩ ላይ አይቆምም

ሰፈራችሁ ሊፈርስ ነው፣ ጠዋት ነው የምትሄዱት ተብለን ነበር። አይሱዙው ግን በዋዜማው አመሻሽ ላይ በራችን ድረስ መጥቶ ቆመ። ሽሮው ገና እሳት ላይ ነበር። ድስቱን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ጋቢና ገባሁ፤ አባዬ ከኋላ፣ ከሽመና ዕቃው ጋር ተቀመጠ። አርባ ዓመት የኖረበትን ግቢ ዞር ብሎ አላየውም። የምጽፈው ለእናንተ ነው፣ ለቀጨኔ ጎረቤቶቼ፤ የት የት እንደተበተናችሁ እንኳ አላውቅም። ከአንድ ከተማ ሳይወጡ ምን ስደት አለ የሚለኝ ካለ፣ በቃ፣ ሌላ ስም ይስጥልኝ።

አዲሱ ቤታችን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሙቀቱ የእንጦጦን ብርድ ያስናፍቃል። እንጀራው የሱቅ ነው፣ በማግስቱ ይፈረፈራል። ደረጃ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው ሰላም ላለማለት ስልኩን ይነካካል። እኛ ሰፈር እኮ ሳል የሰማ ሁሉ "ምን ሆናችሁ?" ብሎ ይገባ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባዬ የብሎኩን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጠራው። ሸማኔ ቁጭ ብሎ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ከሌለው አይሠራም።

"የት ጋ ልቆፍር?" አለው።

ሰውየው ወለሉን አየ። "አባባ፣ እዚህ ከቆፈሩማ እግርዎ ሁለተኛ ፎቅ ሳሎን ውስጥ ነው የሚንጠለጠለው።"

"ታዲያ ምን ልሁን?"

"ጡረታ ይውጡ።"

"ከማን?"

ሰውየው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አባዬ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ማየት ሆነ ሥራው።

ከወራት በኋላ አንድ እሑድ "የቤታችንን ቦታ አሳዪኝ" አለኝ። ሦስት ታክሲ ቀያይረን ደረስን።

እውነቱን ልናገር፣ በፈረሰው ሰፈራችን ላይ የተሠራው አደባባይ ያምራል። ያናደደኝም እሱ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ጫማችንን ያስቀርበት፣ ወንዙ ይሸትበት የነበረው ሰፈር ዛሬ ድንጋዩ ያብለጨልጫል። ውሃው በሙዚቃ እየዘለለ ይወርዳል፤ ልጆች በስኬቲንግ ጫማ ይንሸራተታሉ፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ። ሁሉም ደስ ብሎታል። እኔ እያንዳንዱን ሳቅ እንደ ስድብ ቆጠርኩት።

አባዬ የመድኃኔዓለምን ጉልላት እያየ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ሄዶ ሳሩ መሃል ቆመ። "እዚህ ነው።"

"ሳሩ ላይ አይቆምም! ውጡ!"

ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ሴት የውሃ ጎማ እየጎተተች መጣች። እትዬ ሙሉ ነበሩ። አንድ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን፣ እናቴ የሞተች ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ እኛ ቤት ያደሩት።

"ጋሼ!" ብለው ሊስሙት እጃቸውን ዘረጉ።

"አንቺ ነሽ ውጡ ያልሽኝ?"

"ከሩቅ አላወቅኩዎትም። አለቃዬ እያየኝ ነው፣ ጋሼ። ወደ ድንጋዩ ይምጡና እንጫወት።"

"ከአንድ ቤት ሁለቴ ልውጣ?"

እትዬ ሙሉ አንዴ አባዬን አንዴ ወደ ኋላቸው ያያሉ። ያኔ እኔ አፌን ከፈትኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ያልኳቸውን ሴት አንቺ አልኳቸው። "እነሱ አፈረሱት፣ አንቺ ታጠጪላቸዋለሽ! ደስ ይበልሽ!"

ጎማው ከእጃቸው ወደቀና ውሃው ጫማችንን አራሰው።

"ምን ልብላ፣ ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሸጎሌ የሰው ቤት ተከራይቼ ነው ያለሁት። ጓሮዬን የማየው እዚህ ስውል ብቻ ነው።"

አባዬ ከሳሩ ወጣ። ድንጋዩ ላይ እንደደረሰ ስልክ ያነሣች ልጅ "አባባ፣ ከፎቶው ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን" አለችው። ፈቀቅ አለላት።

ረቡዕ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሬን ከዕድራችን ጸሐፊ አግኝተው ነው፤ እትዬ ሙሉ።

"ለመዳችሁ?"

"አልለመድንም።"

ከወዲያ ሙዚቃውና የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ይቅርታ ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"ጋሼን ስጪኝ" አሉኝ።

በረንዳው ላይ ወጥቼ ስልኩን ዘረጋሁለት። አባዬ አየው፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ጮክ ብሎ፣ እንዲሰሙት አድርጎ፣ "ሥራ ላይ ነው በያት" አለኝ።

ሰምተዋል። ስልኩን እሳቸውም እኔም አልዘጋነውም።