ከወገቡ የተቆረጠው ትርፍ

ስለ አንድ ሱሪ ወገብ የሚነገር ታሪክ ወረቀት ይገባው እንደሆነ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በሰፈራችን ከዚህ የከፋ የደረሰባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። የሟቹ ቤተሰብ ሐዘን ደግሞ ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ዶርም ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ በተከልኩ ቁጥር ያ ዓመት ይመጣብኛልና የማስታውሰውን እጽፋለሁ።

አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ቃሊቲ መንገድ ላይ አንድ ሰው ገጨና ሰውየው ሞተ። አባቴም ተፈርዶበት ታሰረ። እናቴ ቤት ውስጥ ትሰፋ ነበር፤ ለገላን ኮንዶሚኒየም ሰዎች መጋረጃ፣ ለተማሪዎች ዩኒፎርም። በዚያው ሰሞን ግን ዓይኗን ሞራ ጋረዳትና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ስለዚህ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የነበርኩት እኔ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ለአባቴ ሁለት ግራጫ ሱሪ መስፋት ነበር። ለእስረኛ ቀበቶም ገመድም ማስገባት አይፈቀድም፤ ሱሪው በራሱ ወገብ መቆም አለበት። እናቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የፔዳሉን ድምፅ ታዳምጣለች።

«ሮጥሽ!» ትለኛለች። «ማን እያባረረሽ ነው? በይ ፍቺው።»

እፈታዋለሁ። እንደገና በሳሙና ስባሪ አሰምራለሁ፣ እንደገና እሰፋለሁ። አንዱን ሱሪ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከኋላ ወገቡ ላይ አራት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈን ተውን። ይህ የእናቴ ሕግ ነው፤ ለማንም ስትሰፋ ትርፍ ሳትተው አትሰፋም።

«ሰው ይከሳል፣ ሰው ይወፍራል» ትላለች። «ጨርቅ ግን አንዴ ከተቆረጠ አይበቅልም።»

እሑድ እሑድ ምግብና የታጠበውን ሱሪ አስገብተን የቆሸሸውን እንቀበላለን። አባቴን የምናየው ከአጥር ማዶ፣ ሁሉም በሚጮህበት ግርግር መካከል ነበር።

«አባዬ፣ ትበላለህ?»

«ኧረ ወፍሬያለሁ! ክፍሉ ሁሉ የእናትሽን እጅ ይመርቃል።»

እናቴ ትስቃለች። ለእሷ ከአጥሩ ማዶ የሚታያት ጥላ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ወር የመጣው ሱሪ ወገቡ ከኋላ ተሰብስቦ በነጭ ክር ተቋጥሯል። የብርድ ልብስ ክር ነበር፤ የቋጠረውም መርፌ የማያውቅ እጅ ነው። በጣቴ ለካሁት፤ ሁለት ጣት። በሌላው እሑድ ሦስት ሆነ። ወገቡ ላይ ሜትር መጠምጠም ስለማልችል አባቴን የምለካው በቋጠሮው ነበር። ለእናቴ ሳልናገር ሱሪውን አጠበብኩ። በየጊዜውም ስፌቱን አዘገየሁት። እኔ ቀስ ብዬ ከሰፋሁ እሱም ቀስ ብሎ የሚከሳ ይመስለኝ ነበር። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ እሑድ እናቴ ምግብ ለማስረከብ ስትሰለፍ አባቴ ወደ አጥሩ ሳይመጣ ዘገየ። አብሮት የታሰረ አንድ ሰው አየኝና ተጠጋ።

«የጋሼ ልጅ ነሽ? ምከሯቸው እንጂ። ምግቡን ለእኛ ያድሉታል። ‹የገጨሁት ሰው አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ እንዴት እበላለሁ› ይላሉ። እህል አልወርድ ብሏቸዋል።»

አባቴ ሲመጣ ግን «ወፍሬያለሁ» አለኝ፤ እንደ ልማዱ።

በዚያ ሳምንት ሱሪውን እንደገና ሳጠብብ የኋላ ኪሶቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። የታጠፈው ትርፍ ጓጉሎ ጀርባው ላይ ጉብ ብሏል። አጥንቱን ይቆረቁረዋል ብዬ መቀስ አነሣሁና ቆረጥኩት። እውነቱን ለመጻፍ ያህል ግን፣ ከእንግዲህ አይወፍርም ብዬ ነው የቆረጥኩት።

እናቴ ሱሪውን ስታጣጥፍ ጣቷ ወገቡ ላይ ቆመ።

«ትርፉ የታለ?»

«እየቆረቆረው እንዳይሆን ብዬ...»

«ማን ቁረጪ አለሽ?»

ሱሪውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«መክሳቱን የማላውቅ መሰለሽ? ዓይኔ እንጂ ጣቴ አልታወረም። እንዳትሰጊ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።» ሱሪውን ጭኔ ላይ ወረወረችው። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን በቁሙ ገነዝሽው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። በማግስቱ ያንኑ ግራጫ ጨርቅ ፍለጋ ወደ ስልጤው ባለሱቅ ላከችኝ።

«ይሄ ቀለም የለም» አለኝ ሱሪውን እያገላበጠ። «ሱሪው ነው የጠበበው ወይስ ሰውየው ነው የሰፋው?»

«ሰውየው ነው የጠበበው።»

ሳቁን ዋጠ። ከመደርደሪያው ሥር ሰማያዊ የዩኒፎርም ቁራጭ ስቦ «ውሰጂው እህቴ» አለኝ።

ሰማያዊውን ከኋላ ወገቡ መካከል አስገባሁት። እናቴ እንዳዘዘችኝ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ሲፈለግ በቀላሉ በሚፈታ ሰፊ ስፌት ዘጋሁት። በዚህ ጊዜ እጄ አልሮጠም። እሑድ ሱሪው ከገባ በኋላ እናቴ አጥሩን ይዛ ጮኸች፤

«ትርፍ አለው! ሰማህ? ከኋላው ቦታ ትተንልሃል!»

አባቴ የተሰጠውን ሱሪ አዙሮ ሰማያዊውን በአውራ ጣቱ ሲዳብሰው አየሁት።

ወዲያው የተለወጠ ነገር አልነበረም። ለብዙ ሳምንታት ነጩ ቋጠሮ አብሮ መጣ። እኔም እሑድን መጥላት ጀመርኩ፤ ሱሪውን ሳልዘረጋው እስከ ማክሰኞ የማቆይበት ጊዜ ነበር። ከዚያ አንድ ጊዜ ያለ ቋጠሮ መጣ። ቋጠሮው በሌላው ሳምንት ተመለሰ።

አባቴ ሲፈታ እንደ ልጅ ቀሎ ነበር። ቤት ከገባም በኋላ ትሪ ሲቀርብ ፊቱን የሚያዞርበት ቀን ብዙ ነው። እናቴ አትለምነውም። ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ዘርግታ እስኪቀበላት ትጠብቃለች።

አንድ ጠዋት እኔ ስፌት መኪናው ላይ ሳለሁ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ግራጫውን ሱሪ ለብሷል።

«ጠበበኝ መሰለኝ» አለኝ። አንገቱን ደፍቶ፣ የሰረቀ ሰው ይመስል ነበር። «ምን ይባላል እንግዲህ።»

እናቴ ከበርጩማዋ ሆና «ቀስ ብለሽ ፍቺለት» አለች።

ጀርባውን ሰጠኝ። በምላጭ አራት ስፌት ፈታሁ፤ ሁለት ጣት የሚሆን ሰማያዊ ብቅ አለ። መጋቢት 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር።