ወደ መቲ የወሰደኝ የደን መንገድ

ባለቤቴ ምጥ እንደያዛት በስልክ የተነገረኝ ጠዋት፣ ክፍል ልገባ ስል ነው። እሷ መቲ ጤና ጣቢያ ነበረች፤ የማስተምርበት መንደር ደግሞ ከመቲ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ይርቃል። ዝናቡ የመኪናውን መንገድ ስለቆረጠው፣ ወንዙን ተከትሎ በጥንቱ ደን ውስጥ የሚያልፈው የእግር መንገድ ብቻ ቀረኝ። የአንዲት ተማሪዬ አባት፣ ማር ቆራጭ ሽማግሌ፣ ሊመራኝ ተነሳ።

ሽማግሌው ግን አይቸኩልም። ቀፎ የሰቀለበት ዛፍ ስር በደረስን ቁጥር አንጋጦ ንቦቹን ያዳምጣል። እኔ ስልኬን አወጣለሁ፤ ኔትወርክ የለም፤ መልሼ እከተዋለሁ። አራተኛው ዛፍ ስር ትዕግስቴ አለቀ።

"ጋሼ፣ ሚስቴ እኮ እየወለደች ነው!" አልኩና ጥዬው ሮጥኩ።

ብዙም ሳልሄድ መንገዱ ጠፋኝ። ሐረግ ጠልፎ ጣለኝ። በግራዬ መሆን የነበረበት ወንዝ በቀኜ ይሰማኛል። ፈራሁና "ጋሼ!" እያልኩ ጮህኩ። ሲመልስልኝ ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ፤ እዚያው ዛፍ ስር ተቀምጦ አገኘሁት።

"ቲቸር፣ ጨረስክ?" አለኝ። "በል እንሂድ።"

ከዚያ በኋላ አንድም ቀፎ ቀና ብሎ አላየም፤ እኔም ከኋላው አልራቅሁም።

መቲ ስንደርስ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ሴት ልጄ ተወልዳ፣ ተጠቅልላ ተኝታለች።

"ቁጭ በል እንጂ" አለችኝ ባለቤቴ።

አልቻልኩም፤ እግሬ ገና እየሄደ ነበር። ጭቃ በለበሰ ጫማዬ አልጋውን ስዞር አዋላጇ ክንዴን ይዛ ወደ በረንዳው አስወጣችኝ።